ለአውሮፕላንና ለዱር እንስሳት ፎቶ የቱን የካሜራ ድጋፍ ልምረጥ? (ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ)

ሳቢያን_ፎቶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ካሜራው ኒከን ዲ7500 ነው፤ ሌንሱ ኒከን 200-500 ኤፍ 5.6። ሥራው ሦስት ዓይነት ነው፦ በድሬዳዋ አየር ማረፊያ የሚነሱና የሚያርፉ አውሮፕላኖች (ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው)፣ ሐረር ላይ ጅቦችና የሥጋ ተራው ጭልፊቶች፣ ከዚያ የባቢሌ ዝሆን መጠለያ። ያለው ድጋፍ መሃሉ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ዓምድ ያለው ቀላል የአሉሚኒየም ትራይፖድ ነው፤ ሄዱ (ካሜራው የሚታሰርበት አናት) ኳስ ነው። ኳሱ ሲላላ ሌንሱ በአፍጢሙ ይደፋል፤ ሲጠብቅ ደግሞ አውሮፕላን መከተል አይቻልም። በ500 ሚሊ ሜትር የተነሱት ግማሾቹ ጥርት አይሉም። አንድ ነገር ብቻ መግዛት ቢቻል የቱ ይቅደም?

ከዚራ_በማለዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ካሜራው 720 ግራም፣ ሌንሱ ትራይፖድ ላይ ከሚታሰርበት ቀለበት ጋር 2,300 ግራም፤ ተደምሮ 3 ኪሎ ከ20 ግራም ነው። ይህን ብዙ ትራይፖድ ይሸከማል። የሚያስቸግረው ማጉላቱ ነው። የዲ7500 አንድ ፒክሰል 4.2 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ በ500 ሚሊ ሜትር 100 ሜትር ላይ ያለ ነገር ስታነሳ አንድ ፒክሰል የሚይዘው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ካርቶኑ ላይ «12 ኪሎ ይሸከማል» ብሎ መጻፉ ስለ መንቀጥቀጥ የሚነግርህ ነገር የለም፤ አምራቾቹ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ አለካክም የለም። ከዚያ ይልቅ የላይኛውን የእግር ቱቦ ውፍረት ለካ። ለዚህ ሌንስ 28 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ 32 ቢሆን ታርፋለህ።

መሃል ዓምዱን እርሳው። ዓምዱን ከፍ ባደረግህ ቁጥር በትራይፖድ ላይ ሌላ ባለ አንድ እግር እየጨመርክ ነው። ሱቅ ስትሄድ ሌንስህን ይዘህ ሂድ፤ በ500 ላይ አድርገህ በስክሪኑ ምስሉን አጉላና እግሩን በጣትህ ጠቅ አድርግ። ምስሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከረጋ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ እየዋለለ ከቆየ ተወው፣ ቢረክስም።

ኳስ ሄድ ለረጅም ሌንስ የማይሆነው ክብደቱ ከኳሱ በላይ ስለሚቀመጥ ነው። ትንሽ ሲያዘነብል ክብደቱ ራሱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ጣት ይነክሳል፣ አንዳንዴም ትራይፖዱን ይዞት ይወድቃል። ጊምባል ሄድ ግን ሌንሱን በክብደቱ ማዕከል ላይ ስለሚያንጠለጥለው ለቀቅ ብታደርገውም ባለበት ይቆማል። እኔ ለአውሮፕላን እሱን ነው የምለው።

ደንገጎ_ዳገት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

አቦ፣ «ጊምባል» ብለህ ሱቅ ብትጠይቅ የሚሰጡህ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች የሚይዙትን ባለ ሞተር ማረጋጊያ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ለረጅም ሌንስ አይሆንም፣ ለፎቶም አይረዳህም። «ሞተርና ባትሪ የሌለው፣ ለረጅም ሌንስ የሚሆን ጊምባል ሄድ» በልና ፎቶውን በስልክ አሳያቸው። የታወቀው ዊምበርሊ ሁለተኛው ሞዴል 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ቤንሮ ጂኤች2 ረከስ ያለ አማራጭ ነው።

ከገዛህ በኋላ ግማሹ ሰው የሚሳሳተው ሚዛኑ ላይ ነው። መጀመሪያ የትራይፖዱን አናት በውኃ ልክ አስተካክል፤ አናቱ ካዘመመ ሌንሱን ባዞርክ ቁጥር አድማሱ ይዘምማል። ቀጥሎ ሌንሱን 500 ላይ አድርገው። ይህ ሌንስ ሲጎላ አፍንጫው ወደፊት ስለሚወጣ በ200 ያስተካከልከው ሚዛን በ500 ይፈርሳል (ሶኒ 200-600 ውስጡ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ይህ ችግር የለበትም)። ከዚያ የላይ ታቹን ማጥበቂያ ሌንሱን በእጅህ ደግፈህ ቀስ ብለህ አላላና ፕሌቱን (ከሌንሱ እግር ሥር የሚታሰረውን ዝርግ ብረት) ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተትክ አግድም ራሱን ችሎ የሚቆምበትን ፈልግ። በመጨረሻ ሌንሱን 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ልቀቀው። ወደ አግድሙ ከተመለሰ ክብደቱ ከመዞሪያው በታች ነው፤ መቀመጫውን ከፍ አድርግ። ጭራሽ ወደ ታች ከሄደ ክብደቱ ከላይ ነው፤ ዝቅ አድርግ። ባዘነበልክበት ከቆመ ጨርሰሃል። ቦታውን ፕሌቱ ላይ በቀለም ምልክት አድርግበት፣ ሁለተኛ ጊዜ አትለፋም።

ባቢሌ_እግረኛ | ማክሰኞ፣ ከጧቱ 1፡20

ሦስቱ ሥራዎች አንድ ድጋፍ አይጋሩም፤ አንዱን ብቻ ካልክ ግን ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ድጋፍ) ነው። ምክንያቱም ባቢሌ ነው። ዝሆኖቹ ያሉበት የኤረርና የጎበሌ ሸለቆ ግራርና ቁልቋል የበዛበት፣ በእግር ከስካውት (ከመጠለያው ጠባቂ) ጋር የሚኬድበት ቦታ ነው። እዚያ ትራይፖድና ጊምባል ብለህ 4 ኪሎ ተጨማሪ ብትሸከም፣ እግሮቹን ዘርግተህ እስክታስተካክል ዝሆኑ ሄዷል። ካልሄደ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዝሆኑ ወደ ሰው የመጣ እንደሆነ ስካውቱ ተነሡ ሲል በአንድ እጅ አንስተህ መሄድ አለብህ። የተተከለ ትራይፖድ ሰውን ወደኋላ ያስቀራል፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሞኖፖድ ስትገዛ የላይኛው ቱቦ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ አናቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚያዘነብል ሄድ ግጠምለት። ኳስ አትግጠም፤ በሞኖፖድ ላይ ጎን ለጎን መውደቅ ይጨምርብሃል። ሥሩ ላይ ሦስት ትናንሽ እግሮች ያሉት ሞዴል አለ። ለቪዲዮ ይመቻል፤ ራሱን ችሎ ይቆማል ብለህ ግን እንዳትለቀው።

አያያዙ፦ ጫፉን ከእግሮችህ ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀምጥና ትንሽ ወደሱ ተደገፍ፣ ሁለት እግርህና ጫፉ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ግራ እጅ ሌንሱ ላይ ከላይ ይጫን፣ ክርኖች ደረት ላይ። አውሮፕላን ስትከተል ግን ጫፉን በሁለት እግርህ መካከል አድርገህ ከወገብህ ዙር።

ከዚራ_በማለዳ | ማክሰኞ፣ ከጧቱ 2፡00

ስለ ባቢሌ ትክክል ነህ፣ እቀበላለሁ። ለአውሮፕላን ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ዋናው ፈተና ፕሮፔለሩ ነው። ድሬ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ኪው400፣ በየሞተሩ 6 ምላጭ አለው፤ በምላጮቹ መካከል 60 ዲግሪ ነው። ሲነሳ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም በሰከንድ 17። በ1/1000 ሰከንድ ካነሳህ ምላጩ 6 ዲግሪ ብቻ ስለሚሄድ የቆመ ይመስላል፤ አውሮፕላኑ ሞተሩ ጠፍቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ዓይነት። በ1/250 ወደ 24 ዲግሪ ነው፣ ጥሩ ጅምር። በ1/125 49 ዲግሪ፤ በ1/100 ክቡ ሙሉ ለሙሉ ይሞላል። መሬት ላይ ሲንከባለል ዙሩ ወደ 660 ስለሚወርድ ያው ክብ 1/60 ይጠይቃል።

አሁን ሌላውን ቁጥር ጨምር። አውሮፕላኑ በሰከንድ 65 ሜትር እየሄደ በ300 ሜትር ርቀት ፊት ለፊትህ ቢያልፍ፣ ሌንስህን በሰከንድ 12 ዲግሪ ያህል ማዞር አለብህ። በ500 የምታየው ሙሉ ስፋት ደግሞ 2.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ሳትከተል በ1/125 ብታነሳ አውሮፕላኑ ከ200 ፒክሰል በላይ ይዘረጋል። ይህን ሁሉ አግድም እንቅስቃሴ እኩል ፍጥነት ሰጥቶ፣ ላይ ታች ሳያወላዳ የሚያስኬደው አናቱ የተስተካከለ ጊምባል ነው። ሞኖፖድ ይችላል፣ ግን ከ10 ፎቶ 2 ወይም 3 ከጠራልህ ደህና ነው በል። ለጄት ጭንቀቱ የለም፤ ለ737 1/1000 አድርገህ በእጅህም ታነሳዋለህ።

ባቢሌ_እግረኛ | ማክሰኞ፣ ከጧቱ 2፡25

ስሌቱ ልክ ነው። ግን አውሮፕላኑ ተነስቶ በላይህ ሲያልፍስ? ሌንሱ 40 ዲግሪ ቀና ሲል የካሜራው ዓይን ማያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎንበስ ብለህ አንገትህን ቀና ማድረግ ነው። ጊምባል ላይ ወገብ ይሰብራል።

ከዚራ_በማለዳ | ማክሰኞ፣ ከጧቱ 2፡31

ለዚህ ነው ትራይፖዱ ዓምድ ሳይነሳ ከነሄዱ ከዓይንህ በላይ መድረስ ያለበት። የጊምባሉን መዞሪያ ከዓይንህ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ትከለው። ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን እውነት ነው፣ ነቅሎ በእጅ መያዝ ይሻላል።

ስለ ፈቃዱ፦ አጠገቡ የአየር ኃይል ምድብ ስላለ ነገሩ ቀላል አይደለም። ፈቃዱ በጽሑፍ፣ ቦታውና ሰዓቱ ተጠቅሶ ይሁን፤ ወረቀቱ ሳይወጣ ትራይፖድ በአጥሩ ዙሪያ አይተከል። ትልቅ ሌንስ በሦስት እግር ቆሞ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ማኮብኮቢያው ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚሄድ ለጧት ብርሃን ከምሥራቅ በኩል ያለውን ቦታ ጠይቅ።

የጁገል_ጥላ | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

የሐረሩን እኔ ልናገር። ለጅብ ያንን ሌንስ ጭራሽ እቤት ተወው። ማታ ነው፣ ብርሃኑ የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው፤ ኤፍ 5.6 የሚያስገባው ብርሃን አይበቃም፣ ሌንሱም ከ2.2 ሜትር ወዲህ አይጠራም፤ ጅቡ ደግሞ ከዚያ ይቀርባል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ወይም 70-200 ኤፍ 2.8 ያዝ፣ 1/125፣ አይኤስኦ 6400 አካባቢ። ትራይፖድ አይዘርጋ፤ በጨለማ ተመልካች ይሰናከልበታል፣ ጅቦቹም በእግሮቹ መካከል ይሽሎከለካሉ። ሞኖፖዱን አሳጥረህ ተንበርከክ፤ የጅቡ ትከሻ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሌንሱ በዚያ ልክ ሲሆን ዓይን ለዓይን ትገናኛላችሁ። ቆመህ ካነሳኸው ጀርባውን ብቻ ነው የምታገኘው። የቆዳ ማንገቻና ቦርሳ መሬት ላይ አታስቀምጥ፤ ጅብ ለቆዳ ያለውን ፍቅር ታውቃለህ።

ጭልፊቶቹ ሌላ ናቸው። ሥጋ ለመንጠቅ ሲወርዱ ፍጥነታቸው ብዙ ነው፣ አቅጣጫቸውም አይታወቅም፤ ገበያው ደግሞ ሰው የሚጋፋበት ነው። 1/2500 እና ከዚያ በላይ፣ ሌንሱ 200 እስከ 300። ሞኖፖዱን ሙሉ በሙሉ አጥፈህ ጫፉን ቀበቶህ ላይ በተሰፋ ትንሽ ኪስ ውስጥ ብትከተው ክብደቱ ከክንድህ ወደ ወገብህ ይወርዳል፣ እንደ ልብህም ትዞራለህ። ባለ ሥጋዎቹን መጀመሪያ አስፈቅድ፤ ሥራቸው ነው፣ መንገዳቸውንም አትዝጋ።

ማሽላ_ከረጢት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እስካሁን ማንም ያላነሳውና በዋጋ ከሁሉም የሚረክሰው እህል የተሞላ ከረጢት ነው። በመኪና መስኮት ላይ ለሚነሳ ማንኛውም እንስሳ፣ በባቢሌ መንገድም ሆነ ወደ አዋሽ በሚወስደው ላይ፣ ከትራይፖድ ይበልጣል። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ያለ ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ልኩን ልስጣችሁ። ሁለት ኪሶች፣ እያንዳንዳቸው 30 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ መሃላቸው 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጨርቅ ይያያዙ፤ አንዱ ከበሩ ውጭ አንዱ ከውስጥ ይንጠለጠላል፣ መሃሉ የመስኮቱን ጠርዝ ይጋልባል። በላያቸው ሌንሱ የሚያርፍበት ሦስተኛ ከረጢት ይሰፋል፣ 30 በ20። ውጩ ወፍራም ሸራ፣ ስፌቱ ድርብ፤ ውስጡ እህሉን የሚይዝ የአቡጀዲ ከረጢት ለብቻው፣ እንዲወጣ ሆኖ። ዚፑ ከታች ይሁን፣ ሌንስ እንዳይጭር።

የሚሞላው ማሽላ ነው። ፍሬው ትንሽና ክብ ስለሆነ ይፈሳል፣ የሌንሱን ቅርጽ ይይዛል። ሩዝም ይሆናል፣ ውኃ ካገኘው ግን ያብጣል። ክክ ዱቄት ያወጣል፣ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል። በቆሎ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። የባቢሌ ለውዝ እዚያው ስላለ ያጓጓል፤ ግን ይሰባበራል፣ ዘይቱም ሸራውን ያበላሸዋል። አሸዋ በፍጹም፤ ይከብዳል፣ ሲሾልክም የሌንሱን ቀለበት ይፈጨዋል። በጠቅላላው 3 ኪሎ ማሽላ ይበቃል፣ የከረጢቱን ሦስት አራተኛ ያህል። ከሞላ እንደ ኳስ ይሆንና ሌንሱ ይንሸራተታል፤ ከጎደለ ሌንሱ ሰጥሞ የበሩን ብረት ይነካል።

ባዶውን ይዞ ሄዶ እዚያው መግዛት ይቻላል፣ ሻንጣ አይከብድም። ስትመለስ እህሉን አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣው፤ ካልሆነ በሁለት ወር ነቀዝ ይጨርሰዋል።

ስትጠቀምበት የሌንሱን እግር ወደ ላይ አዙረው፣ ቱቦው ራሱ እህሉ ላይ ይረፍ። ሞተር ይጥፋ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይንቀሳቀስ፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ሲዞር ሙሉ መኪናው ይወዛወዛል።

ሳቢያን_ፎቶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች የሚያከራዩት ባለ እጀታ የቪዲዮ ሄድ ጊምባሉን ይተካል? ሁለተኛ፣ የሌንሱ እግር በቀጥታ ክላምፕ (ሄዱ ላይ ያለው መቆንጠጫ) ውስጥ አይገባም፤ ፕሌት እዚህ ማግኘት አልተቻለም።

ደንገጎ_ዳገት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

የቪዲዮ ሄዱ ለኪው400 ፓኒንግ (እየተከተሉ ለማንሳት) ጥሩ ነው፣ አግድም አዟዟሩ ለስላሳ ነው፤ ታቹ ጎድጓዳ መቀመጫ ስላለው አናቱን ማስተካከልም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከመከራየትህ በፊት ይህን ፈትሽ፦ እጀታውን በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ግፋው። መጀመሪያ እምቢ ብሎ በድንገት ከተፈናጠረ ውስጡ ግሪስ ብቻ ነው፤ በዝግታ ስትከተል እያንዳንዱ ጅማሬ ላይ ፎቶ ያበላሽብሃል። ያለ እምቢታ ከተነሳ ውሰደው። ጉድለቱ ወደ ላይ ቀና ማለት አይወድም፣ እጀታውም ደረትህን ይመታል። ለጭልፊትና ለተነሳ አውሮፕላን አይሆንም።

ቶርኖ_ቤት | ረቡዕ፣ ከጧቱ 3፡10

ፕሌቱን ቶርኖና ፍሬዛ ያለው ማንኛውም የድሬ ብረት ሥራ ቤት ያወጣልሃል። አርካ ስዊስ የሚባለው ልክ ቀላል ነው፦ ከ10 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ዝርግ፣ ሰፊው ወገን 38 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች በ45 ዲግሪ የተላጉ፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ርዝመቱ ያስፈልጋል፤ ሚዛን የሚገኘው ፕሌቱን በማንሸራተት ነው። ክላምፕህ በብሎን የሚጠብቅ ይሁን። በእጀታ ጠቅ የሚለው ዓይነት ስፋቱ በትንሹ ከተዛባ ወይ አይዘጋም ወይ ይለቃል፤ በእጅ ለተሠራ ፕሌት አይታመንም። በሁለቱ ጫፎች ከሥር አንዳንድ ትንሽ ብሎን ጎልታ ትግባ፤ ክላምፑ ቢላላ እንኳ ሌንሱ ተንሸራትቶ አይወጣም።

አሁን ዋናው አደጋ። የካሜራ ብሎን በኢንች ነው፣ አንድ አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 20 ጥርስ። ባለሙያው ሳያውቅ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ይሰጥሃል፤ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል። ግን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌንሱ 1.27። አይገናኙም። ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክሶ ይዞ፣ አንድ ቀን የሌንሱን ጥርስ ልጦ ይወጣል። የትልቁም እንዲሁ ነው፤ የትራይፖዱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ10 ብሎን በግድ ካስገቡበት ሄዱ ተበላሸ ማለት ነው። ከአሮጌ ትራይፖድ ትክክለኛውን ብሎን ነቅለህ ለናሙና ይዘህ ሂድ። በጣት ያለ ቁልፍ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፣ ካልገባ አይደለም። የሌንሱ እግር ሁለት ቀዳዳ ካለው ሁለቱንም እሰር፤ አንድ ብሎን ብቻ ከሆነ ፕሌቱ ዞሮ እንዳይላላ ጎኑ ላይ መከለያ ጠርዝ ይተውለት።

ከደንገጎ ቁልቁል በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ከወረድክ በኋላ ሁሉንም በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) እንደገና አጥብቅ። ንዝረት ብሎን ይፈታል።

የጁገል_ጥላ | ረቡዕ፣ ከጧቱ 3፡45

ለታምሮን 150-600 ሁለተኛው ትውልድ ባለቤቶች፦ የእናንተ እግር አርካ ሆኖ ተሠርቶ ነው የመጣው፣ ፕሌት አትፈልጉም።

ከዚራ_በማለዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ሳቢያን፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። «ጥርት አይሉም» ያልከው ምናልባት ድጋፍ የማይፈታው ሊሆን ይችላል። ድሬ ላይ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቅ አየር በ500 ሚሊ ሜትር ሁሉንም ያወላግዳል። ካሜራውን በከረጢት ላይ አሳርፈህ ሩቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ጽሑፍ በተከታታይ 20 ጊዜ አንሳ። ብዥታው በአንድ አቅጣጫ የተሳበ ከሆነ መንቀጥቀጥ ነው። ፊደሎቹ እንደ ውኃ ከተወላገዱ፣ አንዱ ፎቶ ከሌላው ከተለየ፣ አንዱ የፎቶው ክፍል ጠርቶ ሌላው ከፈዘዘ ሙቀቱ ነው። በ20ውም እኩል ከፈዘዘ ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ሙቀቱ ከሆነ መድኃኒቱ ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ማንሳትና ርቀቱን ማሳጠር ብቻ ነው።

ሌንሱ ውስጥ ያለውን ማረጋጊያም ተመልከት። ሄዱ ጠብቆ ሌንሱ ከቆመ አጥፋው። በሞኖፖድ፣ በከረጢት ወይም ጊምባሉ ልል ሆኖ ስትከተል ይብራ፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር «ስፖርት» የሚለው ላይ አድርገው፣ ምስሉ በዓይን ማያው ውስጥ አይንሳፈፍብህም።

ደቻቱ_ዳር | ሐሙስ፣ ቀን 5፡20

ስለ አቧራ ልጨምር። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ትራይፖድ ስትተክል የታችኛውን ክፍል መጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር አውጣ። ማጠንከሪያ ቀለበቱ ከአሸዋው በላይ ይቀራል። ቀለበቱ ውስጥ አሸዋ ከገባ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ ያን ድምፅ ከሰማህ እንደገና አትዙረው፣ ጥርሱን ይበላዋል። እቤት ሙሉ በሙሉ ፍታው። ውስጡ ያሉትን የፕላስቲክ ሽፋኖች የትኛው በየት እንደነበረ በስልክ ፎቶ አንስተህ አውጣቸው፣ በደረቅ ብሩሽ ከዚያም በንፁህ ውኃ እጠብ፣ ጥላ ላይ አድርቅ። ጥርሱን ብቻ ስስ ግሪስ ቀባው። ቱቦውን አትቀባ፤ የተቀባ ቱቦ ክብደት ሲያርፍበት ይሰጥማል።

በነፋስ ጊዜ ቦርሳ ከትራይፖዱ መሃል ማንጠልጠል ይረዳል፣ ግን ታቹ መሬት ይንካ። ካልነካ እንደ ደወል እየተወዛወዘ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል።

ሳቢያን_ፎቶ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሙከራው ተደረገ። ጧት 1፡30 ላይ 20ውም ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቀን 6 ሰዓት ላይ ፊደሎቹ ይዋኛሉ። ስለዚህ ትልቁ ገንዘብ ይቆይ። ከረጢቱ ይሰፋል፣ ፕሌቱ ቶርኖ ቤት ገብቷል፣ ሞኖፖድ ከሚያዘነብል ሄድ ጋር ይገዛል። ፈቃዱ ሲወጣ ለኪው400 የቪዲዮ ሄድ ለአንድ ጧት እከራያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሱቅ ያየሁት የሞኖፖድ ሄድ ላይ ፕሌቱ ሲገባ ሌንሱ የሚያየው ወደ ጎን ነው፤ ሲያዘነብልም ወደ ቀኝና ግራ ይወድቃል። የተበላሸ ነው?

ባቢሌ_እግረኛ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

አልተበላሸም። ክላምፑ ለካሜራ ፕሌት ተብሎ ነው የተገጠመው፤ የሌንስ እግር ከዚያ 90 ዲግሪ የዞረ ነው። ክላምፑ መሃል ላይ ያለችውን ብሎን በብሩጎላ ፍታ፣ ክላምፑን ሩብ ዙር አዙረህ መልሰህ እሰር። ከሥሩ እንዳይዞር የሚይዝ ትንሽ ጉጥ ካለ ግን አራት ማዕዘን ቦታ እንዳለው ሱቁ ውስጥ አይተህ ግዛ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሌላ ሞዴል ጠይቅ።